ሕያው አጥር፤ የቁርቁራ ቁጥቋጦና አተካከሉ በአንገር ሸለቆ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



መሐንዲስ ስለ አጥር ሊናገር ሲነሣ አድማጭ የሚጠብቀው ስለ ድንጋይ ግንብ፥ ስለ አርማታ ምሰሶ ወይም ስለ ባለ እሾህ ሽቦ ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ግን በፋብሪካ የማይሠራ፥ ከውጭ አገር የማይገዛ፥ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ክረምት ሲቃረብ ዳግመኛ የሚለመልም፥ የቆላ እረኛ ሁሉ ገና በልጅነቱ በእሾሁ ተወግቶ፥ ፍሬውንም በልቶ የሚያውቀው ቁጥቋጦ ነው። ስሙም በአማርኛ ቁርቁራ ወይም ገባ ይባላል፤ በኦሮምኛም ቁርቁራ ነው፤ በትግርኛ ጋባ ይሉታል።

ርእሱ ለእርሻ ባለሙያ እንጂ ለመሐንዲስ የሚስማማ አይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በወለጋ ከተሞችና በገጠሩ የሚሠራ ማንኛውም ትምህርት ቤት፥ ጤና ጣቢያ፥ የጎለበተ ምንጭ ወይም የችግኝ ጣቢያ አጥር ያስፈልገዋል። አጥሩንም በንድፉ ላይ የሚያሰፍረው፥ ዋጋውን የሚያወጣውና ሥራው ሲያልቅ የሚረከበው መሐንዲሱ ነው። ስለዚህ አጥሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢወድቅ ጥያቄው ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም አንድ ነገር ማሳሰብ ነው፤ ይኸውም በምስጥ አገር የሞተ እንጨት ተክሎ በየጊዜው ከመተካት ይልቅ ሕይወት ያለውን እሾህ እንደ ማንኛውም የግንባታ ሥራ ነድፎ፥ ለክቶና ተቈጣጥሮ ማሳደግ የሚሻል መሆኑን ነው።

ምስጥ የሚበላው አጥር

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለችው ከተማ ተነሥቶ ቁልቁል በመውረድ ኡኬ ይደርሳል፤ ኡኬንም አልፎ ወደ አንገር ጉትን ሜዳ ይዘልቃል። የአንገር ወንዝ ከዴዴሳ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዐባይ የሚገባ ነው። ሸለቆው ሞቃት ነው፤ ዝናቡ በአንድ ረጅም ወቅት ተጠቃሎ ይጥላል፤ በጋው ደግሞ ብዙ ወራት ዝናብ ሳያይ ይቈያል። እንዲህ ባለው አገር ማሳውን፥ የጓሮውን አትክልትና አዲስ የተተከለውን ችግኝ ከከብትና ከከርከሮ መጠበቅ የማይቀር ሥራ ነው። ዝንጀሮንስ አጥር አይመልሰውም፤ እርሱን የሚመልሰው ጠባቂ ብቻ ነው።

የተለመደው አጥር ከጫካ ተቈርጦ የመጣ አጣና፥ በላዩም የተጐነጐነ ጭራሮና የግራር እሾህ ነው። ይህ ደረቅ አጥር ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው እርጥበት፥ ሁለተኛው ምስጥ ነው። ምስጥ በወለጋ ምን ያህል እንደ በረታ፥ በተለይም በምዕራቡ በኩል በማና ሲቡ፥ በጃርሶና በነጆ ቤትና ሰብል እንዴት እንደሚያጠፋ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም። ለመሐንዲሱ ግን አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። መሬት ውስጥ የተቀበረ ምሰሶ ከብት ሲገፋው ወይም ነፋስ ሲያዘነብለው የመታጠፉ ኀይል ከሁሉ የሚበረታው በመሬቱ ገጽ አጠገብ ነው፤ ምስጡና ብስባሴው የሚጀምሩትም ከዚያው ነው። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ጤነኛ የሚመስል ምሰሶ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ የሚወድቀውም በአንድ ቀን ነው።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ወርዱ 100፥ ቁመቱም 100 ሜትር የሆነ የትምህርት ቤት ግቢ ዙሪያው 400 ሜትር ነው። በየ2 ሜትሩ አንድ ምሰሶ ቢቆም 200 ምሰሶ ያስፈልጋል። ምሰሶው በየ3 ዓመቱ ይለወጣል ተብሎ ቢታሰብ በ15 ዓመት ውስጥ 1,000 ምሰሶ ይቈረጣል ማለት ነው፤ ማገሩና ጭራሮው ሳይቈጠር። ከ15 ዓመት በኋላም ግቢው ያለው አጥር በመጀመሪያው ዓመት ከነበረው የተሻለ አይደለም። ጫካው ግን 1,000 እንጨት አጥቷል።

ከሕንድ አገር የተገኘ ትምህርት

ደረቅ አጥርና ሕያው አጥር በትልቅ መጠን የተነጻጸሩበት አንድ የታወቀ ታሪክ በሕንድ አገር ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች የጨው ቀረጥ ለማስከፈል በአገሩ ውስጥ ረጅም የኬላ መስመር ዘርግተው ነበር። ጨው የያዘ ሰው ሳይቀረጥ እንዳያልፍ መስመሩ በመጀመሪያ በደረቅ እሾህ ይታጠር ነበር። ከ1867 እስከ 1870 እ.ኤ.አ. የኬላው ኀላፊ የነበረው አለን ኦክታቪያን ሂዩም ወጪውን ሲያሰላ ለአንድ ማይል ደረቅ አጥር 250 ቶን ያህል እሾህና እንጨት እንደሚያስፈልግ አገኘ። ይህም በኪሎ ሜትር ከ150 ቶን በላይ መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ከሩቅ ተጓጕዞ ከተሠራ በኋላ ምስጥ፥ እሳት፥ ነፋስና ብስባሴ ያወድሙት ስለ ነበር ጥገናው ማብቂያ አልነበረውም።

ስለዚህ ሂዩም ደረቁን በሕያው አጥር ለመተካት ወሰነ። ቦይ አስቈፈረ፤ መሬቱ ክፉ በሆነበት ሥፍራ ከሌላ ቦታ መልካም አፈር አስመጣ፤ ውኃ በሚያጥርበት ውኃ የሚይዝ፥ ውኃ በሚተኛበት ደግሞ ውኃ የሚያሳልፍ እርከን አሠራ። ከተተከሉትም እሾሃም ተክሎች አንዱ የሕንድ ቁርቁራ ነበር። በ1878 እ.ኤ.አ. ወደ 660 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር የተሟላ ሕያው አጥር ሆኖ ቁመቱ ከ2.4 እስከ 3.6 ሜትር ይደርስ ነበር። በ1879 እ.ኤ.አ. የቀረጡ ሥርዐት ሲለወጥ መስመሩ ተተወ፤ አጥሩም ጠባቂና ገራዥ ስለ ዐጣ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ያ አጥር ድኻው ለወጡ የሚሆነውን ጨው በውድ እንዲገዛ ያስገደደ የጭቈና መሣሪያ ነበርና ዓላማው የሚመሰገን አይደለም። የሥራው ትምህርት ግን ሁለት ነው። አንደኛ፥ ቁርቁራ በምስጥ አገር ደረቅ እንጨት ያልቻለውን ችሏል። ሁለተኛ፥ ያን ያህል ርዝመት ያለው አጥር የቆመው እሾሁ በራሱ ስለ በቀለ ሳይሆን ቦይ፥ አፈር፥ ውኃና ቋሚ ሠራተኛ ስለ ተመደበለት ነው። እነዚህ ሲቀሩ አጥሩም ቀርቷል።

የተክሉ ጠባይ

ቁርቁራ ከጌሾ ጋር ከአንድ የዕፀዋት ቤተ ሰብ የሚመደብ ነው። በኢትዮጵያ ከአንድ በላይ ዐይነት አለው። ለአጥር የሚፈለጉት ሁለቱ በቅጠላቸው ይለያሉ፤ የአንደኛው ቅጠል ከፊትም ከጀርባም አረንጓዴ ሲሆን የሁለተኛው ጀርባ እንደ ጥጥ የነጣ ጠጕር አለበት። በሁለቱም ላይ እሾሁ በቅጠሉ ሥር ብዙውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ ቀጥ ያለ፥ ሌላው ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። ቀጥ ያለው ሊገባ የሚሞክረውን ይወጋል፤ የታጠፈው ደግሞ የገባውን ይይዛል። ከብት ይህን አንድ ጊዜ ከቀመሰ ሁለተኛ አይሞክርም።

ተክሉ ካልተገረዘ ትንሽ ዛፍ ይሆናል፤ ከተገረዘ ግን ከሥሩ ብዙ ቅርንጫፍ እያወጣ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ቢቈረጥም ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ዋና ሥሩ ወደ ታች በፍጥነት ጠልቆ ስለሚገባ ድርቅን ይችላል፤ ከአጥሩ አጠገብ ካለው ሰብል ጋርም በላይኛው አፈር ላይ የሚያደርገው ሽሚያ እንደ ባሕር ዛፍ የከፋ አይደለም።

በበጋ ቅጠሉን ማራገፉ እንደ ጕድለት ሊቈጠር አይገባም። በመጀመሪያ፥ አጥርነቱ በእሾሁና በቅርንጫፉ እንጂ በቅጠሉ አይደለም፤ ቅጠሉ ቢረግፍም ከብት አያልፍም። በሁለተኛ ደረጃ፥ ቅጠል ለብሶ ሳለ ሙሉ የሚመስለው አጥር ቅጠሉ ሲረግፍ ክፍተቱ ሁሉ ይታያል። ስለዚህ በጋ የአጥሩ መመርመሪያ ጊዜ ነው። ድልድይ ውኃው ሲጐድል መሠረቱ እንደሚመረመር ሁሉ ይህም አጥር ራቁቱን በቆመበት ወራት ከዳር እስከ ዳር ሊታይና ጕድለቱ ሊመዘገብ ይገባል። ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነ ተክል ይህን ዕድል አይሰጥም።

ከአጥርነቱ ውጭ የሚሰጠውም ጥቅም አለ። ፍሬው ለሰው ይበላል፤ ደርቆም ይቀመጣል። ቅጠሉን ፍየልና በግ ይበሉታል፤ የአረንጓዴው ዐይነት ቅጠል ተወቅጦ አረፋ ስለሚያወጣ ለጠጕር መታጠቢያ ይሆናል። አበባው ትንሽ ቢሆንም ንብ ይወደዋል። በየመን፥ በተለይም በሐድረመውት፥ በዋጋው የታወቀው ማር ከዚሁ ቁርቁራ አበባ የሚገኝ ነው። ማርን በሚያውቅ እንደ ወለጋ ባለ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዘሩና ችግኙ

ፍሬው በደንብ ሲበስል ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ጤነኛ ከሆኑ ከብዙ ዛፎች ይለቀማል። ሥጋው ተልጦና ታጥቦ በውስጡ ያለው ደንደን ያለ ፍሬ ድንጋይ በጥላ ይደርቃል። ፍየሎች ፍሬውን በልተው ድንጋዩን በበረት ስለሚጥሉት ከዚያም መልቀም ይቻላል። ከዚያ በኋላ የተሰበሰበው በጨው ውኃ ውስጥ ይጨመራል፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይጣላል፤ የሰጠመው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ለዘር ይያዛል።

ችግሩ ያለው በድንጋዩ ጥንካሬ ነው። እንዳለ ቢዘራ ሳምንታት ከመሬት ውስጥ ይቈያል፤ አበቃቀሉም የተዘበራረቀ ይሆናል። ስለዚህ በትንሽ መዶሻ ወይም በድንጋይ በጎኑ በዝግታ መትቶ ቅርፊቱን መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ ውስጡ ያለው ፍሬ እንዳይደቅቅ መጠንቀቅ ይገባል። ከተሰነጠቀ በኋላ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በውኃ ተነክሮ በ2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲዘራ በአንድና በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ይበቅላል። ይህን ሥራ አንድ ሰው ከጥላ ሥር ተቀምጦ በእጁ የሚሠራው ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም።

ችግኙን ለማሳደግ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ክረምቱ ሲገባ በቦዩ ውስጥ በቀጥታ መዝራት ነው። ዋና ሥሩ ሳይታጠፍና ሳይቈረጥ ወደ ታች ስለሚሄድ ተክሉ ጠንካራ ይሆናል፤ ነገር ግን አረም ማረም የግድ ነው። ሁለተኛው መንገድ በጥርና በየካቲት በፖሊቲን ከረጢት ዘርቶ በሰኔ መትከል ነው። በዚህ ጊዜ ከረጢቱ ረዘም ያለ፥ ማለትም 25 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሥሩ ከከረጢቱ ግርጌ ደርሶ ከተጠማዘዘ ተክሉ ዕድሜውን ሁሉ ይደክማል። ከረጢቱ ሳይቀደድና ሳይወጣ ከነፕላስቲኩ የሚተከል ችግኝ ግን የተተከለ አይባልም፤ የተቀበረ ነው።

የአጥሩ ንድፍ

በመጀመሪያ መስመሩ በገመድና በካስማ ይለካል። ከዚያም ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቈፈራል። የላይኛው ጥቍር አፈር በአንድ ወገን፥ የታችኛው ቀይ አፈር በሌላው ወገን ይቀመጣል፤ ሲመለስ የላይኛው ከብስባሽ ወይም ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ ወደ ታች ይገባል።

በአንገር ሸለቆና በዙሪያው ባለው ተዳፋት ላይ ትልቁ ጥንቃቄ ከውኃ ነው። ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ታች የሚወርድ ቦይ አንድ ክረምት ሳይሞላው ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ሥፍራ ቦዩ በአንድ ተከታታይ መሥመር አይቈፈርም፤ በየ5 ሜትሩ ያልተቈፈረ ድልድል እየተተወ ይቈራረጣል፤ ውኃው በየክፍሉ ቆሞ ይሰርጋል እንጂ አይሮጥም። በአንጻሩ አጥሩ ተዳፋቱን አቋርጦ በእኩል ከፍታ በሚሄድበት ወገን ጥቅም ይገኛል፤ ጎርፉ ያመጣው አፈር ከአጥሩ ሥር እየተጠራቀመ ከዓመት ወደ ዓመት ራሱን የቻለ እርከን ይሠራል።

ተክሉ በሁለት ረድፍ ይተከላል። በረድፉ ውስጥ ከተክል እስከ ተክል 50 ሳንቲ ሜትር፥ በረድፍና በረድፍ መካከልም እንዲሁ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የሁለተኛው ረድፍ ተክል በመጀመሪያው ረድፍ ሁለት ተክሎች መካከል ይውላል፤ ጡብ ሲደረደር መጋጠሚያው በመጋጠሚያ ላይ እንደማይውል ሁሉ። ቀደም ብሎ ለተጠቀሰው 400 ሜትር ዙሪያ በዚህ ርቀት 1,600 ተክል ያስፈልጋል። ከአምስቱ አንዱ ይሞታል ተብሎ ቢታሰብ 2,000 ችግኝ ማዘጋጀት ይበቃል። የቀሩት ለመተኪያ በአንድ ጥግ ይቀመጣሉ።

በየ3 ሜትሩ ወይም በየ4 ሜትሩ የኮርች ቁራጭ መትከል ይጠቅማል። ኮርች፥ በኦሮምኛ ዋሌንሱ የሚባለው፥ የክንድ ውፍረት ያለው ቅርንጫፉ ተቈርጦ ክረምት ሊገባ ሲል ሲተከል ሥር አውጥቶ ይበቅላል። እንዲህ ሲሆን ምሰሶውም ሕያው ይሆናል ማለት ነው። በነቀምቴና ከዚያ ከፍ ባለው ብርዳማ አገር ቁርቁራ ስለማይመቸው በዚያ ዋናውን ሥራ ኮርች ይሠራል፤ በመካከሉም አጋምና ቀጋ ይገባሉ። የቆላውን ተክል ለደጋው፥ የደጋውን ለቆላው በአንድ ዝርዝር መጻፍ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ልጅ ተክሉ ራሱ ጥበቃ ይፈልጋል። ቅጠሉን ፍየል ስለሚወደው ያለ መከላከያ ቢተው ከመሬት አይነሣም። ስለዚህ ከውጭ በኩል ቀለል ያለ ደረቅ አጥር ይታጠርለታል። ይህ ደረቅ አጥር ለሕያው አጥር አርማታ እስኪጠነክር ደግፎ እንደሚይዘው የእንጨት ቅርጽ ነው፤ ሥራው ጊዜያዊ ስለሆነ ምስጥ ቢበላውም ጕዳት የለውም። በበጋ ውኃ የተጠማ ልጅ ተክል ምስጡ ራሱ ስለሚያጠቃው በመጀመሪያው በጋ ከሥሩ ገለባ ከመከመር ይልቅ በየሳምንቱ ጥቂት ውኃ ማጠጣት ይሻላል።

መግረዝ

ሕያው አጥር ሳይሰምር የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በአገራረዝ ምክንያት ነው። ባለቤቱ ተክሉ ቶሎ ከፍ እንዲልለት ስለሚመኝ አይነካውም፤ ተክሉም ወደ ላይ ብቻ ያድጋል፤ ከታች ባዶ ይሆናል፤ በዚያ ባዶ በኩል ከርከሮውና ጥጃው ይገባሉ። ትክክለኛው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በጋው ሊያልቅ ሲል ተክሉ ከመሬት በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቈረጣል። ይህ ለሚያየው ሰው ጥፋት ይመስላል፤ ነገር ግን ከቍርጡ በታች ብዙ ቅርንጫፍ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ዓመት በ70፥ በሦስተኛው ዓመት ከ1 ሜትር በላይ እያለ ይሄዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ቁመት 1.5 ሜትር ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ቢሆን ይበቃል። ቅርጹ ግን መጠበቅ አለበት። ግርጌው 1 ሜትር ስፋት ቢኖረው ጫፉ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። የአፈር ግድብ ከሥሩ ሰፍቶ ከላዩ እንደሚጠብ ማለት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ግድቡ የሚሰፋው ለክብደት ሲሆን አጥሩ የሚሰፋው ለብርሃን ነው። ላይኛው ክፍል ከሰፋ ታችኛውን ያጠላበታል፤ የተጠላበት ቅርንጫፍም ይደርቃል።

ከዚህ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ አንድ ጊዜ ክረምት ሊገባ ሲል፥ ሌላ ጊዜ ክረምቱ ሲወጣ፥ ጐን ጐኑን መከርከም ይበቃል። በበጋው ምርመራ ክፍተት በተገኘበት ቦታ ከአጠገቡ ያለው ለስላሳ ቅርንጫፍ ሳይሰበር ጐንበስ ብሎ ይጠለፍበታል። ቅርንጫፍ ከሌለ አዲስ ችግኝ ይገባበታል። የተከረከመው እሾህ በመንገድ ላይ መጣል የለበትም፤ የባዶ እግር ሕፃንንም የመኪናንም ጎማ ይወጋል። ተሰብስቦ ደካማው ቦታ ላይ ይደርደር፤ የተረፈው ይቃጠል።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ አደጋዎች

እሾህ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ ለጥላና ለንፋስ መከላከያ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሮ የግጦሽ መሬትና የወንዝ ዳር እየዘጋ ይገኛል። ያን ተክል ያመጡት ባለሙያዎች ክፉ አስበው አልነበረም፤ ድርቅ የሚችል፥ ቶሎ የሚያድግና እሾሃም ተክል ፈልገው አገኙ። ያልጠየቁት ጥያቄ ከተተከለበት መስመር እንዳይወጣ የሚያግደው ምንድር ነው የሚለውን ነበር።

ይህ ጥያቄ ለቁርቁራም ሊቀርብ ይገባል። ጀርባው ነጭ የሆነው ዐይነት በሰሜን አውስትራሊያ ከውጭ ገብቶ አረም ሆኗል። በኢትዮጵያ ግን ተክሉ ባዕድ አይደለም፤ ፍሬውን ሰው፥ ከብትና ወፍ ይሻሙታል። ቢሆንም ዘሩ ከሩቅ አገር ሳይሆን ከዚያው ሸለቆ መለቀም አለበት፤ ከአጥሩ ውጭ በግጦሽ ላይ የሚበቅለውም ገና ልጅ ሳለ መነቀል አለበት።

የቦታ ጥንቃቄም አለ። ከመንገድ ዳር ቦይና ከከልቨርት አፍ ላይ መትከል አይገባም፤ ቅጠሉና ጭራሮው ውኃውን ይዘጋል። በመንገድ መታጠፊያ የነጂውን ዕይታ በሚከልል ሥፍራም እንዲሁ። ከውኃ ቧንቧና ከቤት መሠረት ጥቂት ሜትር ይራቅ። በርና መውጫውም በደንብ ይታሰብበት፤ ብዙ ልጆች ባሉበት ግቢ አንድ በር ብቻ ያለው እሾሃም አጥር በእሳት ጊዜ ወጥመድ ይሆናል።

የውሉ ዘመንና የተክሉ ዘመን

ይህ ሁሉ ቀላልና ርካሽ ከሆነ ለምን አይሠራም የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ከአፈሩ ወይም ከዝናቡ አይገኝም፤ የሚገኘው ከውሉ ወረቀት ነው። የግንባታ ውል አጥርን የሚያውቀው በአንድ ቀን ቆሞ በሜትር የሚለካ ነገር አድርጎ ነው። ሥራ ተቋራጩ አጣናውን ያቆማል፤ ሽቦውን ይወጥራል፤ ይለካል፤ ይከፈለዋል። ምስጡ ሥራውን የሚጨርሰው ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። ቁርቁራው ግን ለመለካት ሦስት ክረምት ይፈልጋል፤ ሦስት ክረምት የሚጠብቅ የዋጋ ሰንጠረዥ የለም።

ይሁን እንጂ ጊዜው በውሉ ውስጥ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። አንድ መካከለኛ ሕንፃ ለመሥራት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ከጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻ ርክክብ ደግሞ በተለመደው አሠራር ሌላ 365 ቀን አለ። የሥራው ቦታ በጥቅምት ቢሰጥ፥ ዘሩ በጥር ቢፈላ፥ ችግኙ በሰኔ ቢተከል፥ መሠረቱ ተቈፍሮ ጣሪያው እስኪለብስና የመጨረሻው ርክክብ እስኪደርስ ድረስ አጥሩ ሁለት ክረምት ያልፈዋል፤ አንዳንዴም ሦስት። ችግሩ አጥሩ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ መጻፉ ነው። በመጨረሻ የሚጻፈው ሥራ በመጀመሪያ ቢጀመር የጐደለው ዘመን ይገኛል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ለውጥ ጥቂት ነው። አንደኛ፥ ሕያው አጥሩ የሥራ ቦታው በተሰጠ ዕለት የሚጀመር የመጀመሪያ ሥራ ይሁን፤ ለግንባታው ጊዜ የሚታጠረው ደረቅ አጥርም ከውጭ ወገን ሆኖ ችግኙን ይጠብቅ። ሁለተኛ፥ ክፍያው በተተከለ ችግኝ ብዛት ሳይሆን በቆመ አጥር ርዝመት ይሁን፤ ለምሳሌ ጥቂቱ ሲተከል፥ ከፍ ያለው ከመጀመሪያው በጋ በኋላ፥ የቀረው በመጨረሻው ርክክብ ይከፈል። ሦስተኛ፥ የርክክቡ ምርመራ ቅጠሉ በረገፈበት ወር ይሁን፤ ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ድረስ ከአንድ ስንዝር የሰፋ ክፍተት የተገኘበት ክፍል አይረከብ። አራተኛ፥ ግቢውን የሚረከበው መሥሪያ ቤት ለመግረዣ መቀስና ለሠራተኛ ትንሽ ዓመታዊ ወጪ ይመድብ። ለጣሪያ ቆርቆሮ ጥገና የሚመድብ መሥሪያ ቤት ለአጥሩ አይመደብም ሊል አይችልም።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ይተከላል። ከተተከለው ውስጥ የሚጸድቀው ከከብት የተጠበቀው ነው። ስለዚህ በኡኬና በአንገር ጉትን መንገድ ላይ አዲስ የሚሠራ እያንዳንዱ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በመጀመሪያው ክረምት ዙሪያውን በቁርቁራ ቢያጥር በውስጡ የሚተከለው ሌላው ዛፍ ሁሉ የማደግ ዕድል ያገኛል። አጥሩ ከዛፎቹ በፊት መምጣት አለበት።

የድንጋይ ግንብ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያረጃል፤ አጣናም እንዲሁ። ከመሐንዲስ እጅ ከሚወጡት ሥራዎች ውስጥ ከርክክቡ በኋላ እየጠነከረ የሚሄድ ጥቂት ነው። ቁርቁራ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠይቀውም በንድፉ ላይ አንድ መስመር፥ በውሉ ላይ አንድ ተራ ቍጥር፥ በየበጋውም ዙሪያውን የሚመለከት አንድ ዐዋቂ ዐይን ነው።